ካፕ ዩኤቪ ስክሪፕት ከነአመሉ፦ ድሮን ላይ ካሜራ ለሚያስሩ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር። ከድሮን ላይ ለካርታ የሚሆን ፎቶ የምታነሱ ከሆነ፣ ካሜራችሁም የቆየ ካነን ፓወርሾት ከሆነ፣ ካፕ ዩኤቪ ከሚባለው ስክሪፕት የሚሻል ነገር አልገጠመኝም። ነፃ ነው። ሥራውን ያውቃል። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ሌላ ነው፤ ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገ ጽፎ ያስቀምጣል። ብዙ ሰው ያንን ጽሑፍ ሳይከፍት ካሜራውን ይረግማል፣ ኬብል ይቀይራል፣ ሌላ ስክሪፕት ፍለጋ ይሄዳል። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም መልሱ ካርዱ ላይ ተቀምጦ ነው የሚደክሙት።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሲኤችዲኬ የሚባል በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ ሶፍትዌር አለ። ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጫንና ካሜራው ሲበራ አብሮ ይነሳል። የካሜራውን የራሱን ፈርምዌር (ከፋብሪካ አብሮት የመጣውን ውስጣዊ ሶፍትዌር) አይቀይረውም። ካርዱን ስታወጡት ካሜራው እንደ ነበረው ነው። በሲኤችዲኬ ላይ በሉዋ ወይም በቤዚክ የተጻፉ ስክሪፕቶች ይሠራሉ፤ ካፕ ዩኤቪ ከነሱ አንዱ ነው። ለካይትና ለድሮን ፎቶ ታስቦ ነው የተጻፈው። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ)፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እና ፎከሱን ራሱ ይዞ፣ ወይ በየተወሰነ ሰከንድ፣ ወይ ደግሞ ፍላይት ኮንትሮለሩ (የድሮኑን በረራ የሚመራው ኮምፒውተር) በዩኤስቢ ምልክት በላከለት ቁጥር ያነሳል።

ልቤን የወሰደው የብርሃን አያያዙ ነው። ካሜራ አውቶ ላይ ሲሆን የሚያስበው መሬት ላይ ለቆመ ሰው ነው። ለቆመ ሰው 1/125 ሰከንድ ይበቃል። ለድሮን አይበቃም። ፓወርሾት ኤስ100ን እንውሰድ። 12 ሜጋፒክስል ነው፣ ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ሲሰፋ የፎካል ርዝመቱ 5.2 ሚሊሜትር ነው። ከ100 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ፒክስል መሬት ላይ 3.6 ሳንቲሜትር ገደማ ይሸፍናል። ድሮኑ በሰከንድ 15 ሜትር እየሄደ ሹተሩ ለ1/125 ሰከንድ ክፍት ሆኖ ቢቆይ፣ በዚያች ቅጽበት 12 ሳንቲሜትር ተጉዟል። ከሦስት ፒክስል በላይ ማለት ነው። ፎቶው በስልክ ስክሪን ላይ ሊያምር ይችላል። ዙም አድርጋችሁ ስታዩት ግን የአጥር ቋሚ በአንድ አቅጣጫ ተጎትቶ ታገኙታላችሁ። ሹተሩ 1/1000 ቢሆን ጉዞው 1.5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ ከግማሽ ፒክስል በታች።

ካፕ ዩኤቪ ይህን ያውቃል። መጀመሪያ የነገራችሁትን የሹተር ፍጥነት ይይዛል። ብርሃኑ ካነሰ አይኤስኦውን እስከ መጀመሪያው ጣሪያ ድረስ ያወጣል። እሱም ካልበቃ ሹተሩን እናንተ እስከፈቀዳችሁት ድረስ ያዘገያል። አሁንም ከጨለመ አይኤስኦውን ወደ ሁለተኛው ጣሪያ ይወስዳል። ይህ ቅደም ተከተል የጻፈው ሰው ራሱ በሥራው እንደለፋ ያስታውቃል። ትንሽ ጉርብጥብጥ ያለ ፎቶ ለካርታ ይሆናል፤ የተጎተተ ፎቶ ግን አይሆንም። ስክሪፕቱ ምርጫውን የሚያደርገው በዚህ ነው፣ እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው።

ስክሪፕቱ የሚጽፈውን መዝገብ፣ ሎግ ፋይሉን፣ ስትከፍቱ ይህ ሁሉ በየፎቶው ተጽፎ ይታያል። ካሜራው የለካው አንድ ቦታ ላይ አለ፣ ስክሪፕቱ የወሰነው ደግሞ ከሱ ሥር። ለምሳሌ ካሜራው በአይኤስኦ 100 የሹተር ፍጥነቱ 1/250 ይሁን ብሎ ከለካ፣ እናንተ ደግሞ 1/1000 ካላችሁት፣ ስክሪፕቱ ሁለት ስቶፕ ጎድሎበታል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። አይኤስኦውን ወደ 400 ያወጣዋል። ጣሪያውን 200 ላይ አስቀምጣችሁ ከሆነ ግን ሹተሩ ወደ 1/500 ወርዶ ታዩታላችሁ። የብዥታው ምክንያት እዚያች መስመር ላይ ነው። ሌንስ መፍታት አያስፈልግም። የስክሪፕቱን ኮድ ከፍታችሁ 960 የሚል ቁጥር ከገጠማችሁም አትደናገሩ። ሲኤችዲኬ አንዱን ስቶፕ ለ96 ይከፍለዋል። 960 ማለት 10 ስቶፕ ነው፣ በሹተር ቋንቋ 1/1000 አካባቢ።

አሁን ወደ አመሉ እንምጣ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከመነሻው ነው። ሲኤችዲኬ ለእያንዳንዱ የካሜራ ሞዴል ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የፈርምዌር ቁጥር ለየብቻ ነው የሚዘጋጀው። አንድ ዓይነት ሁለት ካሜራዎች ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ሊፈልጉ ይችላሉ። ካርዱ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ መቆለፊያም ወሳኝ ናት። ሲኤችዲኬ በራሱ እንዲነሳ መቆለፍ አለባት። እዚህ ላይ ሁለት ምልክቶችን ለዩ። ካሜራው ምንም እንዳልተፈጠረ በተለመደው መልኩ ከበራ መቆለፊያዋ ተከፍታለች ማለት ነው። ያረጀ ካርድ ላይ ስትላላ ካርዱ ሲገባ ራሷ ትንሸራተታለች። ካሜራው "ካርዱ ተቆልፏል" ብሎ ካጉረመረመ ደግሞ መቆለፊያዋ ደህና ናት፣ ካርዱ ግን ለመነሳት በሚያስችል መልኩ አልተዘጋጀም። ሁለቱን ያምታታ ሰው ግማሽ ቀኑን ይፈጃል።

ቀጥሎ የዩኤስቢ ምልክት። በሲኤችዲኬ ሜኑ ውስጥ ሪሞት የሚለው ካልተፈቀደ፣ በኬብሉ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ካሜራው ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘ ይመስለዋል። ማንሳቱን ትቶ ፋይል ለማስተላለፍ ይዘጋጃል። ሪሞቱ ተፈቅዶም የማያነሳ ከሆነ ቮልቴጁን ለኩ። ፒክስሃውክ ከሚባለው ፍላይት ኮንትሮለር የምልክት ፒን የሚወጣው 3.3 ቮልት ነው፤ ዩኤስቢ ደግሞ በተለምዶ 5 ቮልት ነው። ድንበር ላይ ያለ ቮልቴጅ የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ አየር ላይ አንዳንዴ ይሠራል። ስለዚህ ምልክቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወጣ ኬብል እመክራለሁ። የምልክቱን ርዝመትም ትንሽ ጨምሩለት። ስክሪፕቱ ዩኤስቢውን በየመሀሉ ነው የሚያየው። በጣም አጭር ምልክት ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

ግን ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ኬብሉ አይደለም። ይህን ረጋ ብዬ ልጻፈው፣ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ኬብል ሲጥል አይቻለሁና።

ችግሩ የሚመጣው እንዲህ ነው። ፍላይት ኮንትሮለሩ 60 ጊዜ "አንሳ" ብሏል፣ ካርዱ ላይ ግን 51 ፎቶ ብቻ አለ እንበል። ሰው ወዲያው ግንኙነቱ ላልቷል ይላል። መጀመሪያ ግን የጎደሉት ፎቶዎች የት ቦታ ላይ እንደጎደሉ ካርታ ላይ ዘርግታችሁ እዩ። እዚህም እዚያም ተበታትነው ከሆነ ኬብሉን ጠርጥሩ። በአንድ አቅጣጫ በሚበረሩት መስመሮች ላይ ብቻ ከሆነ ግን ጉዳዩ ነፋስ ነው።

ሒሳቡ ይኸው። ያው ኤስ100 ከ100 ሜትር ላይ የሚያነሳው ፎቶ በጉዞው አቅጣጫ 107 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ፎቶዎቹ 75 በመቶ እንዲደራረቡ ከፈለጋችሁ በየ27 ሜትሩ ማንሳት አለባችሁ። ድሮኑ በአየር ውስጥ በሰከንድ 12 ሜትር ይሄዳል እንበል፣ ነፋሱ ደግሞ በሰከንድ 3 ሜትር። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣበት መሬት ላይ 9 ሜትር ብቻ ነው የሚገፋው፤ በፎቶና በፎቶ መካከል 3 ሰከንድ አለ። ዞሮ ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ፍጥነቱ 15 ሜትር ይሆናል፤ ያቺው 27 ሜትር በ1.8 ሰከንድ ታልቃለች። ካሜራችሁ አንዱን ፎቶ አንስቶ ካርድ ላይ ጽፎ እስኪጨርስ 2 ሰከንድ የሚፈልግ ከሆነ፣ ሁለተኛው ምልክት ሲመጣ ሥራ ላይ ነው። ምልክቱ ያልፋል። የሚቀጥለው ፎቶ ከ54 ሜትር በኋላ ይመጣል። መደራረቡም ከ75 ወደ 50 በመቶ ዝቅ ይላል። ካርታውን የሚሰፋው ሶፍትዌር እዚያ ጋ ይቸገራል። ሄዶ ሲመለስ አንዱ መስመር ሙሉ፣ ቀጣዩ የተቆራረጠ፣ ቀጣዩ ሙሉ፤ ይህን ካያችሁ ስክሪፕቱም ኬብሉም ንጹሕ ናቸው። ፍጥነት ቀንሱ፣ ወይም ከፍ ብላችሁ ብረሩ፣ ወይም መስመሮቹን ለነፋሱ አግድም አድርጓቸው። ሲኤችዲኬ ጥሬ ፋይልም እንዲያስቀምጥ አዛችሁት ከሆነ መጀመሪያ እሱን አጥፉ፣ ብዙ ጊዜ ይበላል። ብዥታም ነፋስ ከኋላ በሚገፋበት መስመር ላይ ብቻ ከታየ ምክንያቱ ይኸው ፍጥነት ነው። ድሮኑ ቆሞ እያለ የተነሳው ፎቶም ብዥ ካለ ግን ወደ ንዝረቱና ወደ ፎከሱ ሂዱ።

የፎቶዎቹን ቦታ ስታዛምዱም ሎጉ ያግዛል። ካሜራው ፎቶው ውስጥ የሚጽፈው ሰዓት እስከ ሰከንድ ድረስ ብቻ ነው። በሰከንድ 15 ሜትር ለሚሄድ ነገር አንድ ሰከንድ 15 ሜትር ናት። ስለዚህ ማዛመድ ያለባችሁ በቅደም ተከተል ነው፤ የመጀመሪያው ምልክት ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር። ከመነሳታችሁ በፊት መሬት ላይ የተነሳች አንዲት የሙከራ ፎቶ ከነሱ ጋር ከተቀላቀለች የሁሉም ቦታ በአንድ ይንሸራተታል፤ እያንዳንዱ ፎቶ በ27 ሜትር። ይህን ለመያዝ ቀላሉ መንገድ በፎቶዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ነው። ድሮኑ መስመር ጨርሶ ሲዞር ክፍተቱ ይረዝማል። ያ ረጅም ክፍተት በሁለቱም ሎጎች ላይ፣ በስክሪፕቱም በፍላይት ኮንትሮለሩም፣ በአንድ ቁጥር ላይ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ የት ላይ እንደተንሸራተተ ወዲያው ይታወቃል።

የማልወድለትን ደግሞ ልናገር። ሜኑው የተጨናነቀ ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ፣ በፀሐይ፣ በካሜራ ቁልፍ ያን ሁሉ ዝርዝር መቀየር ያደክማል። ቤት ውስጥ አስተካክሎ መውጣት ግድ ነው። ሜኑው ላይ የተዘረዘረው ምርጫ ሁሉ ለሁሉም ካሜራ አይሠራም። አንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች የሚጠብና የሚሰፋ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) የላቸውም፣ በምትኩ ብርሃን የሚቀንስ አንድ ፊልተር ብቻ ነው ያላቸው፤ እነሱ ላይ የአፐርቸሩ ምርጫ ምንም አይፈይድም። ወጥቶ የሚቀር ሌንስ ጉዳይም አለ። ድሮኑ በሆዱ የሚያርፍ ከሆነ አሸዋ ሌንሱ ውስጥ ይገባል፤ ይህን ስክሪፕት አያድነውም። ካሜራውን ወደ ውስጥ አስገብቶ መግጠም ነው መፍትሔው።

ቢጨመርለት የምመኘው አንድ ነገር አለ። ካሜራው ሥራ ላይ እያለ ምልክት ከመጣ "አንድ አመለጠኝ" ብሎ ቢጽፍ። ዛሬ ያመለጠ ምልክት ስክሪፕቱ ሎግ ላይ አሻራ የለውም። የፍላይት ኮንትሮለሩን ሎግ አምጥቶ ማስተያየት ያስፈልጋል። አርዱፓይለት የሚባለው የፍላይት ኮንትሮለር ሶፍትዌር ከካሜራው የፍላሽ ጫማ (ውጫዊ ፍላሽ ከሚሰካበት ማረፊያ) ምልክት መልሶ መቀበል ይችላል፤ እዚያ የሚገጠም ሽቦ ያለው ሰው በእርግጥ የተነሳውን ከታዘዘው ለይቶ ያያል። አብዛኞቹ ትናንሽ ፓወርሾቶች ግን ያ ጫማ የላቸውም።

ካሜራው አብሮት የተሠራ ድሮን ካላችሁ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም፤ ብዙ ጊዜ መስመሩንም ማንሳቱንም የሚይዝላችሁ አፕ አለ። ራሳችሁ ለገጣጠማችሁት ድሮን ቀላልና ርካሽ ካሜራ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ካፕ ዩኤቪን ውሰዱ። ያገለገለ ፓወርሾት ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉና የፈርምዌር ቁጥሩ ሲኤችዲኬ በሚደግፋቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ሎግ መጻፉን ደግሞ ከመጀመሪያው በረራ በፊት አብሩት፤ ስክሪን ላይ ብቻ ሳይሆን ካርዱ ላይም እንዲጽፍ።