«ከነሙሉ ዕቃው የሚተላለፍ»፦ የአንድ የደሴ አገናኝ ቢሮ አገልግሎት

አነስተኛ የቁርስ ቤት ለመያዝ ፈልጌ ሦስት ወር ያህል ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ያስኬደኝ «ከነሙሉ ዕቃው የሚተላለፍ» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ አንድ የደሴ አገናኝ ቢሮ ነው። ቤት በማፈላለግ ረገድ እንከን አላገኘሁበትም፤ ሠራተኞቹ ስልክ ያነሣሉ፣ በቀጠሩት ሰዓት ይገኛሉ፣ ሻጩ የጠራውን ዋጋ ሳይጨምሩበት ይናገራሉ፣ አንዱ ቤት አልሆን ሲልም ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ወደ ሌላው ይወስዳሉ። ጉድለታቸው አንድ ቢሆንም ቀላል አይደለም። የሚያሳዩትን ሁሉ «ቤት» ብለው ይጠሩታል እንጂ፣ ገዢው በገንዘቡ የሚያገኘው የመሬት ይዞታ ይሁን፣ የኪራይ መብት ይሁን፣ ወይስ ወንበርና የቡና ማሽን ብቻ፣ ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ ሲጠየቁም መልሳቸው «ወረቀት አለው» የሚል ነው።

ለምሳሌ መጀመሪያ ያሳዩኝ አራት ጠረጴዛ የያዘች ሻይ ቤት ነበረች፤ የተጠራው ዋጋም «የቁልፍ»፣ ማለትም ቤቱን ከያዘው ሰው ለመረከብ የሚከፈል፣ እንደሆነ ተነገረኝ። ወረቀቱን ሳይ የቀበሌ ቤት ኪራይ ውል ሆኖ አገኘሁት። እነዚህ ቤቶች በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት በቀበሌ እንዲተዳደሩ የተደረጉ ናቸው፤ ስለዚህ በውሉ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ሃምሳ ዓመት ቢኖርበትም ተከራይ ነው። ባየሁት ውል ላይ ቤቱን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ የተከለከለ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ቁልፉን ብገዛ ኖሮ ኪራዩን በሻጩ ስም እየከፈልኩ፣ የቤት ቆጠራ በመጣ ቁጥርም «የአክስቱ ልጅ ነኝ» እያልኩ መኖር ነበረብኝ። ይህን ለአገናኙ ስነግረው ተገርሞ «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሠራው» አለኝ፤ እንዲሁ የሚሠራው ብዙ እንደሆነ እኔም አላጣሁትም። ሁለተኛው ለተደራጁ ወጣቶች መሥሪያ የተሰጠ ኮንቴይነር ስለነበረ፣ ይህም የሻጩ እንዳልሆነ ገብቶኝ ከደጁ ተመለስኩ።

ብዙ ቀን የፈጀብኝ ሦስተኛው ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚገኝ፣ ከፊት ለፊቱ ሱቅ የተከፈተለት የግል ቤት ሲሆን፣ የቀረበልኝም ለኪራይ ሳይሆን ለግዢ ነበር። «ካርታ አለው» ተባልኩ፤ እውነትም ነበረው። ነገር ግን ካርታ መኖሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ መጠየቅ ያለበት ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ከመንግሥት የሚያዝ) የሚለው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው፤ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ካልሆነ በቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ሻጩ ለዘመናት መጠነኛ የቦታ ግብር ሲከፍልበት የነበረው ቦታ በእኔ እጅ ሲገባ የሊዝ ክፍያና የዘመን ገደብ ይከተለዋል ማለት ነው፤ አገናኙ በነገረኝ የቤቱ ዋጋ ውስጥ ግን ይህ አልተካተተም፣ አልተነሣምም።

ከዚህ የባሰው ካርታውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ ሳነብ ያየሁት ነው። «የቦታው አገልግሎት» በሚለው መስመር ላይ በእጅ ጽሕፈት «መኖሪያ» ተብሎ ተሞልቷል። በዚሁ አዋጅ መሠረት የሊዝ ዘመን እንደ አገልግሎቱ ዓይነት ይለያያል፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት ሲሆን፣ ለንግድ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች 70፣ አዲስ አበባ ላይ 60 ዓመት ነው። ሱቁ በመንገድ ዳር መከፈቱ ቦታውን የንግድ አያደርገውም፤ የአገልግሎት ለውጥ ማስፈቀድ የሻጩ ሸክም ነው ወይስ የእኔ ብዬ ስጠይቅ አገናኙ ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩ ጥሩ ነበር።

በመጨረሻ የያዝኩት አራተኛውን ነው፤ የግል ቤት ተከራይቶ ቁርስ ቤት ይሠራ የነበረ ሰው ከነሙሉ ዕቃው ለማስተላለፍ ያወጣው። የንግድ ሕጋችን የንግድ መደብርን፣ ማለትም ሕንፃውን ሳይሆን ንግዱን ራሱን፣ ግዙፍነት የሌለው (በእጅ የማይዳሰስ) ተንቀሳቃሽ ንብረት አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ስሙ፣ ደንበኛውና የኪራይ መብቱ አብረው ሊተላለፉ ይችላሉ፤ ግድግዳው ግን የአከራይዋ ነው። የተጠራው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ በእጅጉ የበለጠው ለደንበኛውና ለቦታው ተብሎ ነበር። ውሉን ገልጬ ሳይ የቀረው ዘመን አራት ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት የቤቱን ባለቤት ሐጃን ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ አንተን ማን ያስወጣሃል» አሉኝ። ቃላቸውን አልጠረጠርኩም፤ ሆኖም ቤቱ የልጆቻቸውም ስለሚሆን፣ «እማማ፣ ይህንኑ በወረቀት ያድርጉልኝ» ብዬ ለምኜ፣ እርሳቸው፣ ሻጩና እኔ ሆነን የአራት ዓመት ውል በውልና ማስረጃ ተፈራረምን። የዓመቱ የኪራይ ጭማሪ ስንት እንደሚሆንም አስገባንበት፤ ብዙ ነጋዴ የሚተማመንበት አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚቆጣጠረው የመኖሪያ ቤት ኪራይን ብቻ ስለሆነ፣ የሱቅ ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ የሚጠብቀው በውሉ ላይ የተጻፈው ነው።

ቢሮው ለዚህ ሁሉ የጠየቀኝ ኮሚሽን ከዋጋው 2 በመቶ ነው፤ ለማፈላለጉ ሥራ አይበዛበትም። ሁለተኛ ጊዜ ብፈልግ ወደ እነርሱው እሄዳለሁ፤ ነገር ግን ቤቱን ከማየቴ በፊት ካርታውን ወይም የኪራይ ውሉን በስልክ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፤ ይህን ቀድሜ አድርጌ ቢሆን ከሦስቱ ወር ሁለቱ ይተርፉልኝ ነበር። የኮሚሽኑን ግማሽ ውሉ እስኪመዘገብ ለማቆየት ስጠይቃቸው ያለ ክርክር ተስማምተዋል። ደረሰኝ ስጠይቅ ግን ያገኘሁት ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፤ በላዩም የተጻፈው «ለቤት» የሚል ብቻ ነበር።