ፍሪጅ ሲጮህ «ጋዝ አልቋል» ለማይሉት ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንዲት እናት ኖ ፍሮስት (በረዶውን ራሱ የሚያቀልጥ) ፍሪጅ ሌሊት ሌሊት «ትርርር» እያለ ጎረቤት ሲቀሰቅስ ከረመ። ቀድሞ ያየው ጠጋኝ «ሞተሩ ሄዷል፣ ጋዝም መሞላት አለበት» ብሎ ዋጋ ቆርጦ ነበር። ከተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመጡት ባለሙያ ግን ሞተሩንም ጋዙንም ሳይነኩ ድምፁን አጠፉት። እኛ በኤሌክትሪክና በማቀዝቀዣ ጥገና የምንሠራ ሰዎች ነን፤ ሥራቸውን ከጎናቸው ቆመን ስላየን ነው በአደባባይ የምናመሰግናቸው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

ገና እንደገቡ ሶኬቱን አልነቀሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የጠፋ ፍሪጅ ምን እንደሚያመው አይናገርም። «እማማ፣ በሩን ሲከፍቱት ድምፁ ይጠፋል ወይስ ይብሳል?» ብለው ጠየቁ። ይጠፋል አሏቸው። በሩን ከፍተው መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋውን ትንሽ ቁልፍ በጣታቸው ሲጫኑት ትርርሩ ከፍሪዘሩ ጀርባ ጎልቶ ተሰማ፤ ሲለቁት ዝም አለ። በብዙ ኖ ፍሮስት ፍሪጆች የውስጡ ፋን (ቅዝቃዜውን የሚያሰራጨው ማራገቢያ) በር ሲከፈት ስለሚቆም፣ ይህ ምልክት ወደ ፋኑ ይመራል። ሞተሩ በር ተከፈተ ብሎ አይቆምም፤ ስለዚህ በዚያች አንድ ጣት ከጥርጣሬ ነጻ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ሶኬቱን ነቀሉ። የፍሪዘሩን የጀርባ ክዳን ሲያወጡት በረዶው ከቱቦዎቹ አልፎ የፋኑ ምላጭ ድረስ ደርሷል፤ የምላጩ ጫፍ በረዶውን እየፋቀ ቀጭን ክብ መስመር አበጅቶበታል። በረዶውን በቢላ አልፈለፈሉም፤ አልሙኒየሙ አንዴ ከተበሳ ያኔ በእርግጥ ጋዝ ይወጣል። ፍል ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አስቀምጠው፣ በሩን ከፍተው፣ ከታች ጨርቅ አንጥፈው ጠበቁ። ባለሙያ በሌለበት ደግሞ ፍሪጁን ነቅሎ በሩን ከፍቶ 24 ሰዓት መተው ነው።

በረዶ ማቅለጥ ብቻውን ግን ጥገና አይባልም፤ ምክንያቱ ካልተገኘ ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ይመለሳል። ኖ ፍሮስት ፍሪጅ በየተወሰነ ሰዓቱ በሄተር (በውስጡ ባለው ማሞቂያ) በረዶውን ራሱ ማቅለጥ አለበት። ስለዚህ ሄተሩን በቴስተር ለኩት። በ220 ቮልት የሚሠራ 150 ዋት ሄተር 320 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት፤ የእማማ ፍሪጅ ሄተር ደህና ነው። ቀጥለው ቢሜታሉን አወጡ። ይህች ክብ ዕቃ ወደ ሄተሩ መብራት የምታሳልፍና የምትቆርጥ ናት፤ የምትዘጋው፣ ማለትም መብራት የምታሳልፈው፣ ስትቀዘቅዝ ብቻ ነው። በክፍል ሙቀት ሲለኳት ክፍት ማሳየቷ ጤነኛነቷ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናዋን አውጥቶ ይጥላል። እሳቸው በሲኒ በረዶና ጨው ደባልቀው ሽቦዋ ብቻ ወደ ውጭ እንዲቀር አድርገው ቀበሯት። በረዶና ጨው ሲደባለቁ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ ይወርዳሉ። ደህና ብትሆን ቀዝቅዛ ስትዘጋ ቴስተሩ ይጮህ ነበር። ደቂቃዎች አለፉ፤ ቴስተሩ አልጮኸም። ጥፋተኛዋ ተገኘች! ከመርካቶ አዲስ ቢሜታል መጣ፣ እሱንም በዚያው ሲኒ ፈትነው ነው የገጠሙት። የውሃ መውረጃዋን ቀዳዳ በሙቅ ውሃ አጥበው፣ ያወጡትን አሮጌ ዕቃ ለእማማ በእጃቸው ሰጥተው፣ የዕቃና የእጅ ዋጋውን ለይተው ነገሯቸው።

በዚያው ቀን የጎረቤት ፍሪጅም አሳዩዋቸው። እሱ ደግሞ «እምምም… ቀጭ» ይላል፣ ጥቂት ደቂቃ ዝም ይልና ይደግማል፤ አያቀዘቅዝም። ይህ ሞተሩ ልነሳ ብሎ ሲያቅተውና ኦቨርሎዱ (ሞተሩ እንዳይቃጠል የሚጠብቀው ዕቃ) መብራት ሲቆርጥበት የሚሰማ ድምፅ ነው። ሪሌዋን፣ ሞተሩን የምታስነሳውን ትንሽ ዕቃ፣ ነቅለው ጆሯቸው ሥር ሲነቀንቋት እንደ ጠጠር ተንኳኳች፤ ውስጧ ተሰብሯል። ሪሌ ከመቀየራቸው በፊት ግን ሽቦ የሚገባባቸውን የሞተሩን ሦስት እግሮች ሁለት ሁለቱን እያደረጉ ለኩ፤ የሁለቱ ትናንሽ ንባቦች ድምር ከትልቁ ጋር እኩል ከመጣና አንዱም እግር ከቆርቆሮው ጋር ካልተገናኘ የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ደህና ነው። ደህና ነበር። ያለዚህ ልኬት «ሞተር ይቀየር» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ይህ ዓይነቱ ብልሽት በከተማችን የሚበዛው መብራት ሄዶ ወዲያው ስለሚመለስ ነው። ሞተሩ በቆመ ቅጽበት የጋዙ ግፊት ገና አልተስተካከለም፤ ያንን ተሸክሞ መነሳት ያቅተዋል። ቢያንስ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። የሚያዘገይ የፍሪጅ ጋርድ አስገቡ፤ ፍሪጁንም ምድጃና ካውያ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ አትሰኩት።

ለባለሙያ ሳይደወል የሚፈቱም አሉ። የሚንቀጠቀጥ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ እግሩ ነው፤ ውሃ ልክ አስቀምጡበት፣ የፊት እግሮቹን ዞር ዞር አድርጋችሁ ፊቱን በትንሹ ከፍ አድርጉት፣ በሩም በራሱ ይዘጋል። ከላይ የተደረደረውን ድስትና ጠርሙስ አውርዱና እንደገና አዳምጡ። ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ጎንና ጎኑን የሸፈነውን ዳንቴል አንሱ፤ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ሙቀቱ የሚወጣው በጎን ቆርቆሮው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል፤ ስለዚህ ከኋላ ያለ አቧራ እዚህ ይበልጥ ይጎዳል። «ቡልቅ ቡልቅ» ጋዙ በቱቦው ውስጥ ሲዞር፣ «ችስስ» የቀለጠ ውሃ ሄተር ላይ ሲንጠባጠብ፣ «ቋ» የፕላስቲክ መጨማደድ ነው፤ እነዚህ ጤና ናቸው፣ ገንዘብ አታውጡባቸው።

ጋዙን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። የፍሪጅ ጋዝ በታሸገ ቱቦ የሚዞር እንጂ እንደ ቡታ ጋዝ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። ከጎደለ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ የተጣለ ገንዘብ ነው። ስቲከሩ ላይ አር 600ኤ ከተጻፈ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ በግራም ተመዝኖ ይሞላል፣ ጋዙ ሳይወጣና ክፍሉ ሳይናፈስ እሳት አይቀርበውም። እኚህ ባለሙያ ሚዛንና ቫኪዩም ፓምፕ ይዘው ነው የሚንቀሳቀሱት።

ሥራቸው ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ሰንጋ ተራን፣ ልደታንና ካዛንቺስን ይሸፍናል። ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እንልካለን። ከመደወላችሁ በፊት ድምፁን በስልካችሁ ግማሽ ደቂቃ ቅረጹ፣ የሞዴል ቁጥሩን ስቲከር ፎቶ አንሱ፣ ሲመጡም ፍሪጁ እየሠራ ይጠብቃቸው። የሚሸት የሽቦ ቃጠሎ ካለ ግን ማንንም ሳትጠብቁ ሶኬቱን ንቀሉ።