በደብረ ብርሃን ለሚሠሩ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

የቶዮታ ፒካፔን የደከመ ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ያገለገለ ግን ጥሩ ይዞታ ላይ ባለ ሌላ ካስቀየርኩ በኋላ የመኪናው ጉልበት ቢመለስም፣ የፍጥነት መለኪያው ጠቋሚ ከዜሮ አልነሳ፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አልቆጥር ብሎኝ ነበር። ከደብረ ብርሃን በጣርማበር አድርጎ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ለሚመላለስ ሰው ይህ እንደ ትንሽ ጉድለት የሚታለፍ አይደለም። ጭጋግ በሸፈነው ረጅም ቁልቁለት ላይ ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ፍጥነትን በግምት መያዝ አደገኛ ነው፤ ዘይት የሚቀየርበት ጊዜም የሚታወቀው ከቆጣሪው ነው። ሞተሩን የገጠመው ጋራዥ ግን ዳሽቦርዱ ስለተበላሸ ሙሉውን መግዛት አለብህ አለኝ። ከመግዛቴ በፊት ደብረ ብርሃን የሚሠሩ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው፤ ይህን የምጽፈውም እሳቸውን በአደባባይ ለማመስገንና ተመሳሳይ ችግር ለገጠመው ሰው ለመጠቆም ነው።

ባለሙያው አንድም ዕቃ ሳይፈቱ በመጀመሪያ ምልክቱ የት ላይ እንደሚቋረጥ ለማወቅ ፈለጉ። ካምቢዮው ላይ ያለው የፍጥነት ሴንሰር ሦስት ሽቦዎች አሉት፤ አንዱ 12 ቮልት ያመጣለታል፣ ሁለተኛው ኔጌቲቭ ነው፣ ሦስተኛው ምልክቱን ወደ ዳሽቦርድ ያደርሳል። እንደ እኔ ባለው መኪና ሴንሰሩ በምልክቱ ሽቦ ላይ የራሱን ኤሌክትሪክ አይልክም፤ ከዳሽቦርዱ በኩል የመጣውን ቮልት በዞረ ቁጥር ከኔጌቲቭ ጋር እያገናኘ ይቆራርጠዋል እንጂ። ይህን አስረድተውኝ ሶኬቱን ነቀሉ፣ ቁልፍ ከፍተው በቴስተር ሲለኩም ቮልቱን በምልክቱ ሽቦ ላይ አገኙት። ከዚያ ያንኑ ሽቦ ከኔጌቲቭ ጋር በፍጥነት ሲያነካኩና ሲያላቅቁ ለወራት ተኝቶ የነበረው ጠቋሚ ተነስቶ ተንቀጠቀጠ። ዳሽቦርዱም እስከ እሱ ያለው ሽቦም ጤነኛ መሆናቸው በዚህ ታወቀ፤ ልገዛው የተዘጋጀሁት ውድ ዕቃ ጨርሶ አያስፈልገኝም ነበር።

የመጣው ካምቢዮ ሶኬት ከመኪናዬ ጋር ስላልገጠመ ሽቦዎቹ ተቆርጠው በቀለማቸው ብቻ ተቀጥለው ኖሯል። ቅደም ተከተላቸው ግን የተለያየ ስለሆነ 12 ቮልቱ በምልክቱ በኩል ገብቶ ሴንሰሩን አቃጥሎታል። የድሮውን ካምቢዮ ስላልሸጥኩት ሴንሰሩን ከዚያ አውጥተው፣ ሽቦዎቹን በትክክለኛ ቦታቸው አገናኝተው ገጠሙት። የፊት ጎማዎችን በታኮ አስይዘው፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀው፣ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንስተው በእጅ ሲያዞሩት ቴስተሩ ላይ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

እኔ በዚህ ረክቼ መሄድ እፈልግ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳይነዱት አልለቀቁኝም። በስልክ ጂፒኤስ ስናመሳክር መለኪያው 60 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 55 ነበር። ብዙዎቹ የጃፓን መለኪያዎች የሚሠሩት የሴንሰሩ ዘንግ በአንድ ኪሎ ሜትር 637 ጊዜ ይዞራል፣ በእያንዳንዱ ዙርም 4 ምት (የምልክት መቆራረጥ) ይሰጣል በሚል ስሌት ነው፤ ይህም በኪሎ ሜትር 2,548 ምት ማለት ነው። ካምቢዮው ሌላ ዓይነት ዲፈረንሻል (ኃይልን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) እና ጎማ ካለው መኪና ከመጣ ይህ ስሌት ይዛባል፤ የሚስተካከለውም በሴንሰሩ ጫፍ ባለው ትንሽ ባለ ጥርስ የፕላስቲክ መዘውር ነው። የኔው 30 ጥርስ ነበረው። ባለሙያው 30ን በ60 አባዝተው ለ55 ሲያካፍሉ ወደ 33 የቀረበ ቁጥር ስላገኙ፣ ካስቀመጧቸው አሮጌ ዕቃዎች መካከል 33 ጥርስ ያለውን ፈልገው ቀየሩልኝ። ጥርሱ ሲበዛ ዘንጉ ዝግ ብሎ ስለሚዞር ንባቡ ይቀንሳል። አሁን መለኪያውና ጂፒኤሱ ይስማማሉ።

በመጨረሻም የተቀጠሉትን ሽቦዎች በጥንቃቄ በይደውና ሸፍነው፣ የትኛው ሽቦ ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ከሊብሬው ጋር እንዳስቀምጠው ሰጡኝ፤ ነገ ሌላ ሰው ቢነካው በግምት እንዳይሠራ ነው። የጠየቁኝ ክፍያ የድካማቸውን ያህል ብቻ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅዎ ይባረክ። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ አክብሬላቸዋለሁ፤ በሰሜን ሸዋ ሞተር ወይም ካምቢዮ ቀይሮ መለኪያው እምቢ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና እሳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ።