ክበባችን በየዓመቱ የሚመለስባት ወደብ፦ ሴንት አብስ

ሴንት አብስ ከኤደንብራ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቃ፣ በስኮትላንድ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ከገደል ሥር የተጠጋች አነስተኛ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። በሰሜን እንግሊዝ በሚገኝ አንድ የስኩባ፣ ማለትም ከሲሊንደር አየር እየተነፈሱ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ ክበብ አባል ከሆንኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ክበባችን ወደ ልዩ ልዩ ባሕሮች ቢጓዝም ሴንት አብስን ሳይረግጥ ያለፈበት ዓመት የለም። ባለፈው የፋሲካ ዝግጅት ላይ አንድ የአገሬ ሰው፣ «ባሕሩ በረዶ፣ ሰማዩ ሁልጊዜ ዳመና፤ ያየኸውን ዓሣ ደግመህ ለማየት ያን ያህል መንገድ ምን ያስኬድሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። የዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ያልተሟላ ስለ ነበር፣ ቦታውን መልካሙንም ጉድለቱንም ሳልደብቅ መዝኜ እዚህ ላይ ለማስፈር ወሰንኩ።

በመጀመሪያ ስለ ወደቡ ልናገር። መንገዱ ከመንደሩ ቁልቁል ወርዶ የሚያበቃው በቀጥታ የድንጋይ ግንቡ ላይ ነው፤ መኪናችንን የምናቆመው ከውኃው ጥቂት እርምጃ ላይ ነው። ይህ ለማያውቀው ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። ሆኖም አንድ ጠላቂ የአየር ሲሊንደሩን፣ ለመስጠም ወገቡ ላይ የሚታጠቀውን የእርሳስ ብረትና ወፍራሙን የቅዝቃዜ ልብስ አንድ ላይ ሲሸከም ክብደቱ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚሆን፣ በሌሎች ጠረፎች በአሸዋና በአለት ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዞ ወደ ባሕር መግባት ጉልበትን ከመጥለቁ በፊት ይጨርሰዋል። እዚህ ግን ዕድሜያቸው 70 የደረሰ አባላችን እንኳ ሳይደክሙ ይገባሉ። ለመኪና ማቆሚያ የሚከፈለው ገንዘብ ለወደቡ መጠበቂያ የሚውል በመሆኑ፣ እኔ በበኩሌ ቅር ሳይለኝ እከፍላለሁ።

ክበቦች ወደዚህ የሚመላለሱበት ዋናው ምክንያት ግን፣ ከአንድ ወደብ ተነሥቶ ጀማሪውም ልምድ ያለውም የየራሱን ድርሻ የሚያገኝበት ቦታ በመሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ የምንመራበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው የብሪታንያ ጠላቂዎች ክበብ፣ በተለምዶ ቢሳክ የሚባለው ነው፤ በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያውን ደረጃ ያገኘ ሰው ከ20 ሜትር፣ ቀጣዩን ደረጃ ያገኘ ደግሞ ከ35 ሜትር በታች እንዳይወርድ ተወስኗል። አሠልጣኞቻችን ደመወዝ የማይከፈላቸው የክበቡ አባላት ናቸው፤ የብሪታንያን ብርዳማ ክረምት በመዋኛ ገንዳ ያሠለጠኗቸውን ሰዎች በጸደይ ወደ ባሕር ሲያወጡ፣ ሁሉንም በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ማስተናገድ የሚችል ጠረፍ ይፈልጋሉ። በሴንት አብስ ጀማሪዎቹ ከግንቡ አጠገብ በእግራቸው ይገባሉ፤ ነባሮቹ በጀልባ ትንሽ ራቅ ብለው ይጠልቃሉ፤ በምሳ ሰዓት ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይገናኛሉ። አባላቱን በሁለት ከፍሎ በሁለት ከተማ የሚያሳድር ጉዞ ክበብን ቀስ በቀስ እንደሚበትነው በዓይኔ ስላየሁ፣ ለዚህ ነገር የምሰጠው ዋጋ ከፍ ያለ ነው።

ከግንቡ ተነሥቶ በዋና የሚደረስበት ካቴድራል ሮክ የዚህ ጠረፍ ዝነኛ ቋጥኝ ነው። ከሥሩ ሰው ያለ ችግር የሚያልፍበት ሰፊ ቅስት፣ ከበላዩ ደግሞ «የቁልፍ ቀዳዳ» እየተባለ የሚጠራ ጠባብ ቅስት አለው፤ የባሕሩ ወለል ከ10 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። የቋጥኙ አናት ኬልፕ በሚባል ቅጠለ ሰፊ የባሕር ተክል ተሸፍኗል። ከዚያ ወረድ ሲሉ ግድግዳው ነጭና ብርቱካናማ በሆነ ለስላሳ ኮራል ተለብጧል፤ እንግሊዞች «የሙታን ጣት» ይሉታል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ መብራት ሲያበሩበት እያንዳንዱ ጣት ጥቃቅን አበባ ያወጣ ይመስላል። በቅስቱ ውስጥ ስታልፉ ከኋላችሁ ጨለም ይላል፤ ከፊታችሁ አረንጓዴ ብርሃን ይከፈታል፤ ከአጠገባችሁ ያለው የአጣማጃችሁ የአየር አረፋ ጣሪያውን እየዳሰሰ ብር እንደተበተነ ሆኖ ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፍኩ ዕለት ትዝ ያለኝ በልጅነቴ ላሊበላ ላይ በአያቴ እጅ ተይዤ ያለፍኩበት የዐለት መተላለፊያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ባልቆጥርም ያ ስሜት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በዚያው ቋጥኝ ላይ ባለን ራስ የሚባል ትልቅ፣ ከንፈረ ወፍራም ዓሣ ይኖራል። ጠላቂን አይፈራም፤ እንዲያውም ፊት ለፊት ቀርቦ የጭንብላችንን መስተዋት በአንድ ዓይኑ ይመረምራል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ተከትሎ ይሄዳል። ይህ ዓሣ ሁሉም ሴት ሆኖ ተወልዶ ከዓመታት በኋላ ጥቂቱ ወደ ወንድነት የሚለወጥ ነው፤ የየራሱ ክልል ስላለውም በተከታታይ ዓመታት አንዱን በአንዱ ቦታ ማግኘት ይቻላል። አንጋፋው አባላችን በግራ ጎኑ ጠባሳ ያለውን አንዱን ዓሣ ለይተው ያውቁታል፤ ለአዲስ አባላት የሚያስተዋውቁትም እንደ ጎረቤት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ የተመለሰ ሰው ይህን ሊያገኝ አይችልም፤ አንድ ጊዜ የሄደ ሰው ዓሣ ያያል፣ የተመለሰ ሰው ግን ያንን ዓሣ ያያል።

ከቋጥኞቹ ሁሉ የእኔ ልብ ያለው በጀልባ በሚደረስበት ብላክ ካር ላይ ነው። እዚያ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ዉልፍ ፊሽ የተባለው፣ ፊቱ የተጨማደደ ሽማግሌ የሚመስል ግራጫ ዓሣ ይኖራል። ይህ ዓሣ የሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር ፍጡር ነው፤ ሸርጣንና የባሕር ጃርት በጥርሱ እየፈጨ ይበላል፤ የሚሰበሩትን ጥርሶችም በየዓመቱ ይተካል፤ ሴቷ የጣለችውን ዕንቁላል የሚጠብቀው ወንዱ ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ የእጅ መብራቴን ወደ ጎን አዘንብዬ በስንጥቁ አፍ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ። መጀመሪያ የታየኝ ከደጁ የተከመረው የተሰባበረ የሸርጣን ቅርፊት ነበር፤ ከዚያ ሁለት ዓይኖች ቀስ ብለው ከጨለማው ወጡ፤ አገጩን በድንጋዩ ላይ አሳርፎ እያየኝ ተቀመጠ። ያን ስንጥቅ ያገኘሁት በዕድል እንዳይመስላችሁ፤ ክበባችን ከየጉዞው በኋላ በመዝገብ ላይ ጥልቀቱን፣ አቅጣጫውንና አጠገቡ ያለውን የዐለት ምልክት ስለሚጽፍ፣ ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች ያቆዩልኝ ነው።

እነዚህ ፍጥረታት በዚህ ብዛት ሊገኙ የቻሉበት ምክንያት መነገር አለበት። ጠረፉ እ.ኤ.አ. በ1984 በፈቃደኝነት የተመሠረተ የባሕር ጥብቅ ክልል ሆኗል። ዓሣ አጥማጆቹ፣ ጠላቂዎቹና የመንደሩ ሰዎች ተስማምተው ሥርዓት አወጡ፦ አጥማጁ ሎብስተሩንና ሸርጣኑን በወጥመድ ይይዛል፤ ጠላቂው ግን ከባሕሩ ምንም ነገር ይዞ አይወጣም። ሁለት ጥቅማቸው የሚጋጭ ወገኖች አንድን ባሕር እንዲህ ተካፍለው መኖራቸው ለእኔ ከዓሣው ባልተናነሰ የሚያስደንቅ ነገር ነው። እንግዳ ክበብ ይህን ሥርዓት ሲያፈርስ በመጀመሪያ የሚጎዱት ለዓመታት ስማቸውን የጠበቁት ሌሎች ክበቦች ናቸው፤ ስለዚህም የእኛ መሪ በየጉዞው ጠዋት፣ ሁላችንም ብናውቀውም፣ ሥርዓቱን አንድ በአንድ ያነብልናል።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ወደቡ ወደ ምሥራቅ የተገለጠ ስለሆነ ነፋሱ ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ ሲመጣ ባሕሩ ይናወጣል፤ ነፋሱ ከቆመ በኋላም ውኃው እስኪጠራ ቀናት ይወስዳል። ከሦስት ዓመት በፊት አሥራ አራት ሰዎች ሆነን ሌሊት ተነሥተን ደርሰን፣ ማዕበሉ በግንቡ ላይ ሲሰበር ቆመን አይተን ተመልሰናል። ውኃው በመጋቢት ወደ 5 ወይም 6 ዲግሪ ይወርዳል፤ በነሐሴና በመስከረምም ቢሆን ከ13 ወይም 14 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። በጸደይ ማብቂያ ላይ ጥቃቅን የባሕር ዕፀዋት ስለሚበዙ ከእጅ ርዝመት በላይ የማይታይበት ሳምንት ያጋጥማል። የመኪና ቦታውም ጠባብ ነው፤ በበጋ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ያልደረሰ ክበብ ዕቃውን አራግፎ መኪናውን ወደ ላይ መመለስ ይኖርበታል።

በግሌ የደረሰብኝም አለ። በመጀመሪያው ዓመቴ ከምኖርበት ከተማ ከአንድ ሱቅ ተከራይቼ ያመጣሁት፣ ድራይሱት የሚባለው ውኃ የማያስገባ ልብስ፣ የአንገት ጎማው ተሰንጥቆ ስለ ነበር ውኃው ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ወረደ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ አጣማጄን በእጅ ምልክት አስቁሜ ወጣሁ፤ ግንቡ ላይ ቆሜ ስንቀጠቀጥ አንድ የማላውቀው ዓሣ አጥማጅ ያለ ምንም ቃል የሱፍ ኮፍያውን አውልቆ ራሴ ላይ አደረገልኝ። ለጀማሪ የምመክረው፣ የሚከራየውን ልብስ የአንገትና የእጅ ጎማ ከሱቁ ሳይወጣ በሁለት እጁ ወጥሮ እንዲመለከት ነው።

የዚህች መንደር ሰዎች ስለ ባሕሩ አደጋ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1881 በአንድ ቀን ማዕበል ከዚህ ጠረፍ 189 ዓሣ አጥማጆች ሞተዋል፤ ባሎቻቸውንና አባቶቻቸውን ወደ ባሕር እያዩ የሚጠብቁ ሴቶችና ልጆች የተቀረጹበት ትንሽ የነሐስ ሐውልት ዛሬም በመንደሩ አለ። የነፍስ አድን ጀልባ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲከፈት፣ መነሻው ከአራት ዓመት በፊት አንድ የዴንማርክ መርከብ ከመንደሩ ፊት ለፊት ተሰብሮ መርከበኞቹ ማለቃቸው ነበር። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲዘጋ ነዋሪዎቹ ገንዘብ አሰባስበው በሚቀጥለው ዓመት የራሳቸውን ጀልባ አሰማርተዋል። ወደቡ ላይ ያቺን ጀልባ ባየሁ ቁጥር መዋጮ ሳላደርግ አላልፍም፤ አዲስ አባላትን ይዤ የምወርድበት ልበ ሙሉነት ከፊሉ ከእርሷ የሚመጣ ነው።

በብሪታንያ የምትኖሩና ለመሞከር የምታስቡ ወገኖቼ፣ በቅድሚያ በአቅራቢያችሁ ባለ ክበብ ተመዝግባችሁ ክረምቱን በገንዳ እንድትማሩ እመክራለሁ፤ ለብቻ መሣሪያ ገዝቶ ወደዚህ መምጣት ፈጽሞ አይገባም። ጉዞውን በነሐሴ ወይም በመስከረም አድርጉት፤ ጀልባ ከተከራያችሁ በዋዜማው ማታ ለባለ ጀልባው ደውላችሁ የነፋሱን አቅጣጫ ጠይቁ። ከጠለቃችሁ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ አውሮፕላን አትሳፈሩ፤ በደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን የአየር ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ለበዓል ወደ አዲስ አበባ የምትበሩ በተለይ ይህን አስቡበት፤ ከአውሮፕላኑ ወርዳችሁ የምታርፉትም ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ነውና።

ክበባችን ለመጪው መስከረም የመጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ ጀልባውን አስቀድሞ ይዟል። ያ የጠየቀኝ ሰው ዋና መማር ጀምሯል፤ እስከዚያ ለመጥለቅ ባይደርስም ግንቡ ላይ ተቀምጦ ሻይ ለማፍላት አብሮን ይመጣል። የመዝገባችንን ቅጂ ሰጥቼዋለሁ፤ የዉልፍ ፊሹ ስንጥቅ የተጻፈበትን ገጽ አጥፌለታለሁ።