ለመተማዋ ሲስተር፦ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ

ልጄ ዛሬ ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ትምህርት ቤት ሄደ። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚህም ነው የምጽፈው።

ዓመት ሳይሞላው እጅና እግሩ ያብጥ ነበር። ከፍ ሲል ሌሊት «አጥንቴን!» እያለ ያለቅሳል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። አራት ዓመት ተንከራተትን። አገሩ ቆላ ነውና የሄድንበት ሁሉ «ወባ ነው» ይለናል፤ ደሙ ታይቶ ወባ የለበትም በተባለበት ቀን እንኳ የወባ መድኃኒት ይዘን ተመልሰናል። አንዱ ጋ ቁርጥማት ነው ተባልን። ሌላው ጋ የሰሊጥ ገንዘባችንን ተቀብለው መርፌ ወግተው ሰደዱን። አንድ ባለሙያ ደግሞ ልጁ ፊቱ እያቃሰተ «አሞላቃችሁት ነው» አለን። እሷ ቃል እስካሁን ከሆዴ አልወጣችም። ጎረቤቱም «የእናቱ ዘር ጣጣ ነው» ይል ጀመር፤ እኔም ዝም አልኩ። ባለቤቴን ከሁሉ በላይ የጎዳት የእኔ ዝምታ ነበር።

ሲስተርን ያገኘናት ለታናሽ እህቱ ክትባት ጤና ጣቢያ ሄደን ነው። የልጁን ዓይን አይታ ቁጭ አደረገችንና ከተወለደ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ጠየቀችን። ወዲያው ለጎንደር ሪፈር ጻፈችልን። አጨዳ ስለነበር ይዛው የሄደችው እናቱ ናት። የምርመራውን ዓይነት አላውቅም፤ ውጤቱ ሲክል ሴል ሆነ፤ ከእናትና ከአባት በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ነው።

ሲስተር ይህን ለእናቱ ብቻዋን አላስረዳቻትም። እሑድ እኔ ባለሁበት ቤታችን ድረስ በእግሯ መጣች። ሰፌድ አስመጥታ ለእኔም ለባለቤቴም አንድ ቀይና አንድ ነጭ ማሽላ በእጃችን አስያዘችን። «ቀዩ የበሽታው ዘር ነው። አንድ ቀይ ብቻ ያለው ተሸካሚ ነው፣ አይታመምም። ልጁ ግን ከእሷም ከአንተም ቀዩ ደረሰው። በየእርግዝናው እንዲህ የመሆን ዕድሉ ከ4 አንድ ነው» አለች። ያቺን ቀይ ማሽላ መዳፌ ላይ ሳያት ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እዚያው ይቅርታ ጠየቅኋት። በኋላ እኛም ተመረመርን፤ ሲስተር እንዳለችው ነው።

የበሽታው ዘር በወባ አገር የበዛው ተሸካሚውን ከከባድ ወባ ስለሚከላከል ነው አለችን። በሽታው ያለበትን ልጅ ግን ወባ ይጸናበታልና አጎበር እንዳይለየው፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ እንዲጠጣ፣ ብርድ እንዳይመታው፣ ትኩሳት ካለው ሳናሳድር እንድናመጣው ነገረችን። መድኃኒቱንም በየቀኑ ይወስዳል። ሕመሙ ጨርሶ አልሄደም፤ ሌሊቱ ግን እንቅልፍ ሆኗል።

ሰኔ 12 የዓለም የሲክል ሴል ቀን ነው ብላ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ፣ ከዚያም ለዕድራችን አስተማረች። ማንም አላዘዛትም። ስሜን አትጻፍ ስላለችኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር።

መተማና ቋራ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ልጃችሁ አጥንቱን እያመመው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ «ሲክል ሴል ይታይልን» በሉ፤ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ለመጋባት ያሰባችሁም ተመርመሩ። አደራ፣ አባቶች እናትየዋን ብቻዋን አትላኳት። ባለቤቴ አሁን ስድስት ወሯ ነው፤ ሕፃኑ እንደተወለደ የሚመረመርበትን ቀጠሮ ሲስተር ከወዲሁ በደብተሯ ይዛልናለች፣ በዚያ ቀን እኔም አብሬ እሄዳለሁ።