የ9 ዶላሩ ድሮን እና የ16 ዶላሩ ድሮን

ድሮን ቀጥሬ ማሳ አስረጨሁ ካልኩ ጀምሮ ስልኬ ዕረፍት የለውም፣ ስንት ነው? ማን ነው? በእውነት ይሰራል ወይ? ሁሉም የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

እኔና ያክስቴ ልጅ እዚህ ሜሪላንድ፣ ቤይ ብሪጅን ተሻግሮ ኢስተርን ሾር ላይ 46 ኤከር ተከራይተን አንድ አመት አኩሪ አተር አንድ አመት በቆሎ እናርሳለን፣ ዳር ላይ ደሞ ግማሽ ኤከር የምትሆን ጎመንና ቃሪያ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሱቆች አለችን። በቆሎው ያው እንደ አካባቢው ለዶሮ መኖ ነው የሚሄደው። መሬቱ ባንድ በኩል ጫካ፣ በሌላው በኩል የመብራት መስመር፣ ቅርጹ እንደ ተቆረሰ እንጀራ ነው። የመርጫ አውሮፕላን ያለው ሰውዬ ጋ ስደውል "ለ46 ኤከር ብዬ ሞተር አላስነሳም" አለኝ። በቆሎ ደሞ አናቱ ላይ ሲያብብ ከኔ ቁመት በላይ ስለሆነ በትራክተር ልርጭ ብትል ግማሹን ረግጠኸው ነው የምትወጣው። ስለዚ የቀረን ድሮን ነው።

መጀመሪያ የቀጠርኩት ሰውዬ አምና ነው፣ በአኩሪ አተሩ ጊዜ፣ ለአረም። በሰው በሰው ነው ያገኘሁት፣ ባንድ ኤከር 9 ዶላር አለኝ። ላይሰንስ አለህ ወይ ስለው ከዋሌቱ የኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን መስሪያ ቤት) ካርድ አውጥቶ አሳየኝ፣ እኔም አምኜ ተቀመጥኩ። ካርዱ እኮ እውነተኛ ነው! ግን ፓርት 107 የሚባለው ነው፣ ሰርግ በድሮን ለሚቀርጽ ልጅም የሚሰጠው ያው ካርድ ነው። ለመርጨት ፓርት 137 የሚባል ሌላ ሰርተፍኬት አለ፣ ድሮኑ ከነጭነቱ ከ55 ፓውንድ በላይ ከሆነ ደሞ (ትልልቆቹ መርጫዎች ሁሉም በላይ ናቸው) ከኤፍኤኤ ኤግዘምፕሽን (ልዩ ፈቃድ) ይጨመርበታል፣ ከዛ ደሞ ከስቴቱ የግብርና መስሪያ ቤት የፔስቲሳይድ አፕሊኬተር (የመድሃኒት ረጪ) ላይሰንስ አለ። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ከተቃጠልኩ በኋላ ነው በሉ።

ምን ሆነ፣ መድሃኒቱ 2,4-ዲ የሚባለው የአረም ማጥፊያ ያለበት ነበር። ሰውዬው ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ዛፉ ሲወዛወዝ እያየን፣ "ኖ ፕሮብሌም" እያለ ረጨና ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። በሶስተኛው ቀን ጎመኑ ጋ ስሄድ ቅጠሉ እንደ ማንኪያ ጎብጧል፣ አገዳው ተጠማዟል፣ አንዳንዱ መሬት ላይ እንደ እባብ ተጋድሟል። ያኔ ነው ሌብሉን ያነበብኩት፣ ጄሪካኑ ላይ የተለጠፈች፣ ስትገልጣት የማታልቅ ትንሽ ደብተር ናት፣ ውስጧ በግልጽ በአየር አይረጭም ይላል። እዚህ አገር ደሞ ሌብል ምክር አይደለም፣ ህግ ነው። ደወልኩለት፣ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎኝ ነበርና፣ ለካ ኢንሹራንሱ ድሮኑ ወድቆ የሰው መኪና ቢሰብር ነው እንጂ መድሃኒት ተንሳፍፎ የሰው አትክልት ቢያበላሽ አይመለከተውም። ጎመኑን ለሱቅ መስጠት ይቅርና ለኛም አልበላነውም፣ በሙሉ አረስነው። እማማ (የባለቤቴ እናት) "ታጥቦ ይቀቀል ምን ይሆናል" ብለው ለአንድ ሳምንት አኮረፉኝ። ደግነቱ የራሴ ጎመን ሆነ፣ ከመንገዱ ማዶ ንብ የሚያረባ ሽማግሌ አለ፣ እሱ ጋ ቢደርስ ኖሮ ይሄን የምጽፈው ከጠበቃ ቢሮ ነበር።

ዘንድሮ በበቆሎው፣ ለቅጠል በሽታ የሚሆን የፈንገስ መድሃኒት (ፈንጂሳይድ) ለማስረጨት፣ ሌላ ሰው ያዝኩ። ይሄኛው በስልክ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስንት ኤከር ነው አይደለም፣ "መድሃኒቱ ምንድነው፣ ሌብሉን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ" ነው። ቀጥሎ ዙሪያውን ማን ምን እንደዘራ ጠየቀኝ፣ ንቡን ስነግረው ሽማግሌውን ራሱ ሄዶ አናገረው። 137ቱን፣ የስቴቱን ላይሰንስና የድሪፍት ኢንሹራንሱን (መድሃኒት ተንሳፍፎ ጉዳት ሲያደርስ የሚከፍለውን) ሳልጠይቀው በኢሜይል ላከ። ዋጋው ባንድ ኤከር 16 ዶላር፣ ለመንገድ 60፣ መድሃኒቱም ውሃውም በኔ።

የመርጫው ቀን ገና ሳይነጋ ደረሰ። አየሩ ጸጥ ብሏል፣ ቅጠል አይነቃነቅም፣ እኔ በልቤ አምናን እያሰብኩ ተመስገን ነፋስ የለም እላለሁ። እሱ ከመኪናው ወርዶ ትንሽ ጭስ አጨሰና ቆሞ ማየት ጀመረ። ጭሱ የሰው ቁመት ያህል ወጣ፣ ከዛ መውጣቱን ትቶ እንደ ነጠላ ማሳው ላይ ተዘረጋ። "አሁን አይሆንም" አለኝ። ለካ ጠዋት ከታች ቀዝቃዛ ከላይ ሞቃት አየር ሲሆን ደቃቁ ጠብታ አይወርድም አይበተንም፣ ዝም ብሎ ተንሳፍፎ ማን ቤት ሄዶ እንደሚያርፍ አይታወቅም። ነፋስ ሲበዛ ብቻ ሳይሆን ጭራሽ ሳይኖርም ክፉ ነው፣ እሱ የሚፈልገው በሰዓት ከ3 እስከ 10 ማይል ነው። ቡና ከፔርሙስ እየቀዳን ለሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ለመጠበቁ አላስከፈለኝም።

ድሮኗ አግራስ ቲ40 ናት፣ 40 ሊትር ትይዛለች፣ በነሱ 10 ጋሎን ተኩል። ባንድ ኤከር 2 ጋሎን ስለሚረጭ (ብዙ የፈንጂሳይድ ሌብል ላይ በአየር ሲሆን ትንሹ እሱ ነው) በአንድ ሙሌት 5 ኤከር፣ በአስር ሙሌት አለቀ። ባትሪዎቹን እያፈራረቀ በጀነሬተር ይቻርጋል፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ ጩኸቱን ግን አታምጣው ነው። ባንድ ኤከር 2 ጋሎን ለዚህ ሁሉ በቆሎ ምን ይበቃል ብዬ ስከራከረው ቢዝነስ ካርድ የምታክል ቢጫ ወረቀት አውጥቶ ከበቆሎው ራስ ጎን ባለው ቅጠልና ከስር ባለው ላይ በክሊፕ አሰረ፣ ውሃ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆን ወረቀት ነው። ድሮኗ ካለፈች በኋላ የላዩ እንደ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት መስሎ በሰማያዊ ነጥብ ተሞልቷል፣ የታችኛውም ሳሳ ይበል እንጂ አለው። የፕሮፔለሩ ንፋስ ቅጠሉን እየከፈተው ነው የሚወርደው። ላየው ልገባ ስል ደሞ ጮኸብኝ፣ ከተረጨ በኋላ ለ12 ሰዓታት ማንም አይገባም፣ ወረቀቱንም ጓንትና ሙሉ ልብስ ለብሶ ራሱ ነው ያመጣው።

አባቴ ትዝ አለኝ። ጎጃም 15 ሊትሩን መርጫ ጀርባው ላይ አዝሎ፣ አፉን በፎጣ ጠቅልሎ፣ እግሩ ባዶ። ማታ ልብሱን እናቴ ለብቻ ነበር የምታጥበው፣ ራሴን አመመኝ ሲል ጸሀዩ ነው ይባል ነበር። ቪዲዮውን ለጋሼ ልኬለት (ያባቴ ታናሽ) ወዲያው ደውሎ "አንዷን ሻንጣ ውስጥ ከተህ ይዘህልን ና" አለኝ። "ጋሼ፣ ያለ ኢንሳ (የመረብ ደህንነት መስሪያ ቤቱ) ፈቃድ ቦሌ ላይ ይይዙብኛል" ስለው "አፍታተህ አምጣት" አይለኝም!

ቅሬታም አለኝ። ስልክ አያነሳም፣ ጭራሽ። ቀጠሮውን ሁለቴ አዛውሮብኛል፣ አንዴ በዝናብ፣ አንዴ በምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረኝም። ደሞ በመብራት መስመሩ ስር ያለውን ቀጭን መስመር አልረጭም ብሎ ተወው፣ ትክክል ነው ግን ሂሳቡን ሲሰራ አልቀነሰውም፣ ተከራክሬ ነው ያስቀነስኩት።

ያ የተዘለለው መስመር ግን ጠቀመኝ። ነሐሴ ላይ የዛ መስመር ቅጠል አራት ማዕዘን በሆነ ግራጫ ነጠብጣብ ተሞላ፣ ግሬይ ሊፍ ስፖት የሚሉት ነው፣ የተረጨው ጋ አልፎ አልፎ ነው ያለው። ኮምባይን ያለው ጎረቤቴ ለብቻ አጭዶ መዘነልኝና የተረጨው ባንድ ኤከር 9 ቡሼል (የዚህ አገር የእህል መስፈሪያ ነው) በለጠ። ደስ አትበሉ ገና፣ ቡሼሉን በ4 ዶላር ከ20 ነው የሸጥኩት፣ 37 ዶላር ከ80 ማለት ነው፣ መድሃኒቱ 19፣ ርጭቱ 16፣ መንገዱ ሲካፈል 1 ዶላር ከ30፣ የተረፈኝ 1 ዶላር ከ50! እሱም ዳር ያለ በቆሎ ሳይታመምም ትንሽ ያንሳልና ልዩነቱ ሁሉ የመድሃኒቱ አይደለም። ስለዚ በሽታው ቅጠሉ ላይ ሳይታይ፣ ጎረቤት ስላስረጨ ብቻ ለማስረጨት የምትሮጡ ተረጋጉ። ያክስቴ ልጅ ይሄን ሂሳብ ሳሳየው "ታዲያ ለምን ደከምን" አለኝ፣ መልስ የለኝም ግን ቢያንስ ጎመኑ ተርፏል።

መስከረም ላይ ሳይታጨድ ከላይ ራይ (እንደ ስንዴ ያለ እህል) ዘር እንዲበትንልኝ መልሼ ጠራሁት፣ ሜሪላንድ ከአጨዳ በኋላ መሬቱን ባዶ ለማይተው ገበሬ ይከፍላል፣ ለሱ ስራ ድሮኗ ከርጭቱ በላይ አሪፍ ናት፣ ታንኩን አውልቆ የዘር መበተኛ ይገጥምላታል። አሁን ከታጨደው በቆሎ አገዳ መሃል አረንጓዴ ብሏል።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ቁጥሩን የምትፈልጉ ጠይቁኝ፣ ግን አትደውሉ፣ ቴክስት አድርጉና የሌብሉን ፎቶ አያይዙ፣ ያኔ ይመልሳል።