ሁለት ማዞሪያ በቃኝ፦ ኢፒ-133 ሳምፕለር ከወራት በኋላ

ይህን ዕቃ ልገዛ ስል የሰማሁት ማስጠንቀቂያ አንድ ዓይነት ነበር። «ኢንቨሎፑ አይረባም፣ አታክና ሪሊዝ ብቻ ነው ያለው» ይሉኛል፤ የድምፁን መግቢያና መውጫ ብቻ ነው የምታስተካክለው ለማለት ነው። ወራት አለፉ። ዛሬ ኢፒ-133ን ከእጄ የማልለየው በዚሁ በተሰደበበት ነገር ነው።

ለማያውቀው፦ ቲንኤጅ ኢንጂነሪንግ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሳምፕለር ነው፤ የተቀዳ ድምፅ ፓድ በሚባሉ ቁልፎች እየነካህ የምትጫወትበት መሣሪያ ማለት ነው። ሲወጣ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። መልኩ የሒሳብ ማሽን ይመስላል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያየው ሰው ሁሉ ሱቅ ከፈትክ ወይ ይለኛል። የራሱ ድምፅ ማጉያና ማይክ አለው። በ4 ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። መብራት ሲሄድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ይገባዋል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ድምፁ እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚቆይ፣ እንዴት እንደሚወጣ የሚወስነው ኢንቨሎፕ ነው። የተለመደው ባለ አራቱ ነው፦ አታክ (አገባቡ)፣ ዲኬይ (ከድምቀቱ መውረዱ)፣ ሰስቴይን (ባለበት መቆየቱ)፣ ሪሊዝ (አወጣጡ)። መነሻው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የሙዚቃ ደራሲው ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ለሲንተሳይዘር ሠሪው ለሮበርት ሙግ ያቀረበው ሐሳብ ነው። እነሱ የያዙት ሲንተሳይዘር፣ ድምፁን ራሱ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ ነበር። የሲንተሳይዘር ኦሲሌተር (ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል) ደግሞ ካልከለከሉት ቀኑን ሙሉ እዬዬ ሲል ይውላል። ለእሱ አራት ማዞሪያ ይገባዋል፤ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋላ።

የክራር ክር ግን ማንም አይነግረውም። ጥፍር ሲነካው «ጢንግ» ይላል፣ ይደምቃል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ እየሳሳ ይሞታል። ስቀዳው ይህ ሁሉ አብሮ ተቀድቷል። ዲኬዩን ይዞ የመጣን ድምፅ ሌላ ዲኬይ ልጫንበት ማለት ለምን? እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ አገባቡን ማለስለስና መውጫውን ማሳጠር ወይም ማስረዘም። ኤክስ የተባለው ማዞሪያ አታክ፣ ዋይ የተባለው ሪሊዝ። አለቀ።

ቀድሞ የነበረኝ ሳምፕለር (ስሙን አልጠራም) ለአንዲት የከበሮ ምት ገጽ በገጽ ነበር የሚያስኬደኝ። ድምፁ ስንት ይዘግይ፣ ስንት ይያዝ፣ ኩርባው ምን ዓይነት ይሁን። መልሼ መልሼ ስነካካ ልሠራ የተነሳሁት ምት ከነስሜቱ ይጠፋኛል።

እዚህ እንዲህ ነው የማደርገው። ከበሮው ቤት ውስጥ ስለተቀዳ የክፍሉ ገደል ማሚቶ አብሮት አለ። አጫዋወቱን «ኪ» የሚለው ላይ አደርገዋለሁ፤ ፓዱን እስከያዝኩት ድረስ ብቻ ይጮኻል ማለት ነው። ሪሊዙን ዜሮ ሳደርገው ጣቴ ሲነሳ ድምፁም ቁርጥ ይላል፤ ደረቅ፣ ጠንካራ ምት። ትንሽ ከፍ ሳደርገው ክፍሉ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ክራሩ ላይ ደግሞ አታኩን ለዓመል ታህል ብጨምር የጥፍሩ ድምፅ ይጠፋና ከጎረቤት ግቢ የሚሰማ ይመስላል። ሳምፕል (የተቀዳው ድምፅ) ያለ ቦታው ሲቆረጥ የምትሰማዋ «ጠቅ» የምትል ነገርም በዚያችው ትንሽ አታክ ትጠፋለች።

ፌደሩ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው መቆጣጠሪያ፣ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፓዶቹ ላይ ከተጻፉት ምሕፃረ ቃላት ሁለቱ አታክና ሪሊዝ ናቸው። የፌደር ቁልፉን ይዤ ሪሊዝ ያለበትን ፓድ ስነካ ያ ረጅሙ ፌደር ሪሊዝ ይሆናል። እየተጫወትኩ ወደ ላይ ስገፋው የክራሩ ጭራዎች ይረዝሙና አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል፤ ወደ ታች ስስበው ሁሉም ኩምሽሽ ይላል። አራት ነገር እኩል እያዞርኩ ይህን የማደርግበት ጣት የለኝም።

ሻጮች ይህን ሲሰሙ የሚሉትን አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ ነገ ስታድግ ይጠብብሃል። ትንሽ ጨምርና ባለ ሙሉውን ውሰድ።» እሺ፣ ኢ-ሙ የተባለው ኩባንያ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስፒ-1200 ሳምፕለር ለማን ጠበበው? ጠቅላላ የሚይዘው 10 ሰከንድ ያህል ድምፅ ነበር፤ ያውም በ12 ቢት፣ ዝቅ ባለ የድምፅ ጥራት። ባለ አራት ደረጃ ኢንቨሎፕ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ድምፁን የምታሳጥርበት ዲኬይ ነበረው፣ በቃ። የኒው ዮርክ ሂፕ ሆፕ ግን በእሱ ላይ አደገ። ያኔ የነበሩት ልጆች ሰስቴይን የት ገባ ብለው ያለቀሱ አይመስለኝም።

መሲንቆ ላይ ግን አንጀቴ ያርራል፤ አልደብቅም። ረጅም የተሳበ ድምፅ ጀምሮ ደምቆ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ እንዲቆይልኝ ስፈልግ ሁለቱ ማዞሪያዎች አይበቁም። ኮምፒውተር ላይ ቅርጹን ሰጥቼ ነው መልሼ የምጭነው። እውነቱን ለመናገር፣ መሲንቆ የምታበዛ ከሆንክ ወይም ዝግ ብለው የሚያብጡ ድምፆችን የምትወድ ከሆንክ ሌላ ዕቃ ፈልግ። ለከበሮ፣ ለክራር፣ ለጭብጨባና ለእልልታ ግን ዓይንህን ጨፍነህ ውሰደው።

ሌላው ሌላው ደህና ነው። የእኔው 64 ሜጋባይት ነው የሚይዘው፤ ጥቂት ነው፣ ግን ቆሻሻ እንዳላጠራቅም አድርጎኛል። ባለ ብዙ ገጹን ሳምፕለር ሲንተሳይዘር ለሚወድ ጓደኛዬ ሸጥኩለት። በጣም ደስ ብሎታል፤ እስካሁን ሜኑ ውስጥ ነው።